ማሽኑ ሲቀየር ዕድሜያችንም ይቀየራል? የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ሰዓቶች እንዴት እንደሚሠሩ

ከአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የተቀዳ ደም ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ቢመረመርና የመጀመሪያው ውጤት የሰውነቱ ዕድሜ 48፣ ሁለተኛው ደግሞ 55 ነው ቢል የትኛውን ማመን ይገባል? ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ ይመስላል እንጂ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ኤጂንግ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በስፋት ከሚሠራባቸው የዲኤንኤ ሜቲሌሽን ሰዓቶች፣ ማለትም በዲኤንኤ ላይ ከተለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ተነሥተው ዕድሜን ከሚገምቱ ምርመራዎች መካከል አንዳንዶቹ ለአንድ ናሙና ሁለት ንባቦች እስከ 9 ዓመት የሚራራቅ መልስ ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። በዚህ ልዩነት ውስጥ እርጅናም ሆነ ወጣትነት የለም፤ ደሙም ሰውየውም ያው ናቸውና። የተለያየው ንባቡ ብቻ ነው።

እነዚህ ምርመራዎች ከምርምር ቤቶች ወጥተው በቀጥታ ለሰው መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚዋዥቅ ማወቅ ለተመራማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አልሆነም።

ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ሲባል ምን ማለት ነው?

የልደት ዕድሜ ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ያለፈው ጊዜ ነው፤ ለሁሉም ሰው እኩል ይቆጥራል። ነገር ግን ሁለት የስድሳ ዓመት ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንደኛው ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የማይቆራረጥ፣ ሌላው ግን ልቡም ኩላሊቱም የደከመበት ሊሆን ይችላል። ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ይህን ልዩነት በቁጥር ለመግለጽ የሚደረግ ሙከራ ነው፤ የዚህ ሰው ሰውነት በአማካይ የስንት ዓመት ሰው ሰውነት ይመስላል ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ዕድሜ እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት በቀጥታ የሚለካ ነገር አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ተቀምጦ አንባቢ የሚጠብቅ አንድ ትክክለኛ ቁጥር የለም። ያለው ከብዙ ሰዎች ጋር በማነጻጸር የሚወጣ ግምት ነው፤ ግምቱም ምን ተለክቶ፣ ከእነማን ጋር ተነጻጽሮ፣ በየትኛው መሣሪያ ተነብቦ እንደተገኘ ይለያያል።

በዲኤንኤ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ምንድን ነው?

ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ፣ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው ረጅም ጽሑፍ ነው። ከአራቱ ፊደላት አንዱ ሳይቶሲን ይባላል። በሳይቶሲን ላይ ሜቲል የተባለ፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ያለው ትንሽ ኬሚካላዊ ቅንጣት ሲለጠፍ ሜቲሌሽን ተከናወነ እንላለን።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ፊደላቱ አልተነኩም፤ አነባበቡ ግን ትርጉሙን ለወጠው። አንዳንድ መጻሕፍት አንባቢ እንዳይሳሳት ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖራሉ። ሜቲልም እንደዚያች ነጥብ ነው፤ የዲኤንኤውን ፊደል ሳይለውጥ ሕዋሱ ጽሑፉን የሚያነብበትን መንገድ ይለውጣል። የጉበት ሕዋስና የአንጎል ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው ፈጽሞ የተለያየ ሥራ የሚሠሩት በከፊል የእነዚህ ምልክቶች አቀማመጥ ስለሚለያይ ነው።

ምልክቱ በብዛት የሚገኘው ሳይቶሲን ጓኒን ከተባለው ፊደል ቀድሞ በሚመጣባቸው ቦታዎች ነው። ባለሙያዎች እነዚህን ቦታዎች ሲፒጂ ይሏቸዋል፤ በሰው ዲኤንኤ ውስጥም 28 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ በአንዳንዶቹ ላይ ምልክቱ እየበዛ፣ በሌሎቹ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ለውጥ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተመሳሳይ አቅጣጫ ባይከተል ኖሮ ከደም ጠብታ ዕድሜን መገመት ባልተቻለ ነበር።

ምልክቱ እንዴት ይነበባል?

የተለመደው ዘዴ ዲኤንኤውን ባይሰልፋይት ከተባለ ኬሚካል ጋር ማዋሃድ ነው። ኬሚካሉ ሜቲል የሌለባቸውን ሳይቶሲኖች ወደ ሌላ ፊደል ይለውጣቸዋል፤ ሜቲል ያለባቸው ግን እንዳሉ ይቀራሉ። በዚህም ምክንያት ዓይን የማያየው ምልክት ወደሚነበብ የፊደል ልዩነት ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ ዲኤንኤው ቺፕ በተባለ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይፈስሳል። በሰሌዳው ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንዲትን የታወቀች ሲፒጂ ፈልጎ ይይዛል። እንደ ጠቋሚ ስለሚያገለግሉ በዚሁ ስም እንጥራቸው። መሣሪያው ከየጠቋሚው የሚወጣውን የብርሃን ድምቀት ለክቶ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ይሰጣል። በአንድ ቦታ ላይ 0.62 ተነበበ ማለት በናሙናው ውስጥ ካሉት የዲኤንኤ ቅጂዎች 62 ከመቶ ያህሉ በዚያ ቦታ ላይ ሜቲል አላቸው ማለት ነው። ስለዚህ የሚነበበው የአንድ ሕዋስ ሁኔታ አይደለም፤ በናሙናው ውስጥ የተቀላቀሉ እጅግ ብዙ ሕዋሳት አማካይ ነው። ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ታዲያ ሰዓቱ የት አለ?

ሰዓት የሚለው ስም በሕዋስ ውስጥ የሚቆጥር አንድ ነገር የተገኘ ያስመስላል። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ ያለው በኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሰዓት የተባለው የሒሳብ ቀመር ነው። ዕድሜያቸው የታወቀ ሰዎች ናሙናዎች ተሰብስበው ይነበባሉ፤ ኮምፒውተሩም ዕድሜን ለመገመት የሚረዱትን ቦታዎች መርጦ ለእያንዳንዱ ቦታ የክብደት ቁጥር ይሰጣል። አዲስ ናሙና ሲመጣ የየቦታው ንባብ በየክብደቱ ይባዛል፤ ሁሉም ይደመራል፤ ድምሩም ወደ ዓመት ይመነዘራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ስቲቭ ሆርቫት 8,000 ያህል ናሙናዎችን፣ 51 የተለያዩ የሕብረ ሕዋስና የሕዋስ ዓይነቶችን ተጠቅሞ በ353 ሲፒጂዎች የሚሠራ ቀመር አወጣ። ከእነዚህ በ193ቱ ላይ ሜቲሌሽን በዕድሜ ይጨምራል፤ በ160ዎቹ ላይ ይቀንሳል። የግምቱ መካከለኛ ስህተት 3.6 ዓመት ነበር፤ ይህም ከግምቶቹ ግማሽ ያህሉ ከእውነተኛው ዕድሜ ከዚህ በላይ አልራቁም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ግሬጎሪ ሃነምና ባልደረቦቹ ከ656 ሰዎች ደም ተነሥተው በ71 ሲፒጂዎች የሚሠራ ሌላ ሰዓት አሳተሙ።

ስለ ሆርቫት ሰዓት ሲወራ እምብዛም የማይነሣ፣ ለእኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ የሚመስለኝ አንድ ዝርዝር አለ። 353ቱ ቦታዎች ከ28 ሚሊዮኑ ተፈልገው የተገኙ አይደሉም። በዘመኑ የነበሩት መረጃዎች ከኢሉሚና ኩባንያ ሁለት ቺፖች የመጡ ነበሩ፤ አንደኛው 27,000 ያህል ቦታዎችን፣ ሁለተኛው 485,000 ያህል ቦታዎችን ያነብ ነበር። ቀመሩ ለሁለቱም እንዲሠራ በሁለቱም ላይ የሚገኙት 21,369 ቦታዎች ብቻ ለምርጫ ቀረቡ። ከመነሻው ሰዓቱ የተቀረጸው በሰው ሰውነት ብቻ ሳይሆን በወቅቱ በነበረው መሣሪያም ጭምር ነው።

ሁሉም ሰዓቶች አንድ ነገር ይለካሉ?

አይለኩም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የተሠሩት የልደት ዕድሜን ለመገመት ነበር፤ የልደት ዕድሜን ፍጹም አድርጎ የሚገምት ሰዓት ቢገኝ ደግሞ ከመታወቂያ ወረቀት የተሻለ ነገር አይነግረንም። ስለ ጤና ለማወቅ የሚያስፈልገው ልዩነቱ ነውና።

ስለዚህ ሁለተኛው ትውልድ ሌላ ዒላማ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፌኖኤጅ ዘጠኝ የደም ምርመራ ውጤቶችን ከልደት ዕድሜ ጋር አቀናጅቶ የተገኘን የጤና መለኪያ በ513 ሲፒጂዎች ይገምታል። በ2019 የወጣው ግሪምኤጅ ደግሞ በደም ውስጥ የሚገኙ የተወሰኑ ፕሮቲኖችን መጠንና ሰውየው ያጨሰውን ሲጋራ ብዛት ከሜቲሌሽን ገምቶ፣ እነዚህን ከሞት አደጋ ጋር በሚያያይዝ ስሌት ውስጥ ያስገባል። ደኒደንፔስ የተባለው ከሁሉም ይለያል። በኒው ዚላንድ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሰዎችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲከታተል በኖረ ጥናት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚሰጠው መልስ ዕድሜ ሳይሆን ፍጥነት ነው። 1 ማለት በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት የአንድ ዓመት እርጅና ማለት ነው፤ 1.1 ከዚያ በአሥር ከመቶ መፍጠንን ያመለክታል።

አንድ ሰው በአንዱ ሰዓት «ወጣት»፣ በሌላው «አዛውንት» ሆኖ ቢገኝ ከሁለቱ አንዱ የግድ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ቺፑ ሲቀየር ምን ይፈጠራል?

የሰውን ፎቶግራፍ አይቶ ዕድሜውን በመገመት የተካነ አንድ ባለሙያ አለ እንበል። ችሎታውን ያዳበረው በአንድ ካሜራ የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን በማየት ነው። አሁን ሌላ ካሜራ ይመጣል፤ ብርሃኑ ትንሽ ደመቅ፣ የግንባር መሥመሩ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይም ባለሙያው ሁልጊዜ የሚያየው የዓይን ጥግ ተቆርጧል። ባለሙያው እንደ ቀድሞው ይገምታል፤ ግምቱ ግን ሰዎቹ ሳይለወጡ ይለወጣል።

በሜቲሌሽን ሰዓቶች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያገለገለው ባለ 485,000 ነጥብ ቺፕ በ2016 ገደማ ኤፒክ በተባለ፣ ከ850,000 በላይ ቦታዎችን በሚያነብ ቺፕ ተተካ። ቁጥሩ ስለጨመረ ሁሉም ነገር የተሻሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአሮጌው ቺፕ አንዳንድ ጠቋሚዎች ወደ አዲሱ አልተሻገሩም። ከሆርቫት 353 ቦታዎች 19ኙ፣ ከሃነም 71 ቦታዎች ደግሞ 6ቱ በኤፒክ ላይ የሉም። ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛው ኤፒክ ከ900,000 በላይ ቦታዎችን ቢያነብም፣ በአሠራራቸው ደካማ ሆነው የተገኙ ከ140,000 የማያንሱ የቀድሞ ጠቋሚዎችን አስወግዶ በምትካቸው አዳዲስ አስገብቷል። ለምርምር ያ መልካም እርምጃ ነበር። በተወገዱት ላይ ተደግፎ ለቆመ ቀመር ግን የእግሩ ሥር መሬት ተሸረሸረበት።

የጎደለ ቦታ ሲያጋጥም ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ከሌሎች ሰዎች የተገኘውን አማካይ ቁጥር በክፍተቱ መተካት ነው። አንድ ተማሪ ያልተፈተነውን ትምህርት በክፍሉ አማካይ ውጤት ሞልቶ አጠቃላይ ድምሩን እንደ ማውጣት ያለ ነው። የተሞላው ቁጥር ለሁሉም ሰው አንድ ስለሆነ ስለዚያ ሰው የሚናገረው ነገር የለም፤ የጎደለው ቦታ በቀመሩ ውስጥ ከባድ ክብደት ያለው ከሆነም የሁሉንም ውጤት በአንድነት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊገፋው ይችላል። ውጤቱን የሚቀበለው ሰው ግን ከቁጥሩ ውስጥ ስንቱ የእርሱ፣ ስንቱ የአማካይ ሰው እንደሆነ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ከዚህም የረቀቀ ችግር አለ። በሁለተኛው ኤፒክ ላይ አንዳንድ ቦታዎች ከአንድ በላይ ጠቋሚ ተመድቦላቸዋል፤ እነርሱን ለመለየት ሲባልም በጠቋሚዎቹ ስም መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ምልክት ገብቷል። አሮጌውን ስም ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ቦታው በቺፑ ላይ እያለ እንኳ አላገኘሁትም ብሎ በአማካይ ሊሞላው ይችላል። ይህን ለማረም ስሞቹን ማስተካከልና ድርብ ንባቦችን ወደ አንድ ማምጣት በቂ ነው፤ አደጋው ያለው ማንም ሳያስተውለው ማለፉ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አልተቻለኝም አይልም፤ ዕድሜ ይሰጣል።

በሁለቱም ቺፖች ላይ የሚገኝ ቦታ እንኳ አንድ ዓይነት ንባብ ላይሰጥ ይችላል። የአንድ ቦታ ልዩነት ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ቀመሩ መቶዎችን ይደምራል፤ ኢምንቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ድምሩ ዓመታት ይሆናል። ከአምስት ዓመት በፊት በአሮጌው ቺፕ፣ ዛሬ በአዲሱ የተመረመረ ሰው በሁለቱ ውጤቶች መካከል የሚያየው ልዩነት የእርጅናና የመሣሪያ ቅልቅል ነው፤ ሁለቱን መለየት የሚቻለው አንዱ ናሙና በሁለቱም ቺፖች ከተነበበ ብቻ ነው።

በአንድ ቺፕ ላይስ ለምን ይዋዥቃል?

የዚህ ማብራሪያ መግቢያ ላይ ያነሣነው የ9 ዓመት ልዩነት ቺፕ ሳይቀየር የመጣ ነው። የባይሰልፋይቱ ሥራ በአንዱ ቀን ከሌላው ቀን በጥቂቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው በሰሌዳው ላይ የተቀመጠበት ረድፍ፣ የዲኤንኤው መጠን፣ አብረውት የተሠሩት ናሙናዎች ስብስብ ሁሉም አሻራቸውን ይተዋሉ። ጠቋሚዎቹም እኩል አይታመኑም፤ አንዱ በተደጋጋሚ ሲነበብ ያንኑ ይላል፣ ሌላው በየጊዜው ይለዋወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀመሮች ሲሠሩ የጠቋሚ ታማኝነት እንደ መስፈርት አልተወሰደም ነበር።

መፍትሔ አለው?

አለው፤ ባይሟላም። አልበርት ሂጊንስ-ቼንና ባልደረቦቹ በዚያው በ2022ቱ ጥናት ያቀረቡት ሐሳብ ለማስረዳት ቀላል ነው። ጥቂት መቶ ግለሰብ ቦታዎችን ከማመን ይልቅ በሁለት ቺፖች ላይ የሚገኙ ከ78,000 በላይ ቦታዎች ተወስደው አብረው የሚወጡና የሚወርዱት በጋራ እንዲታዩ ይደረጋል። አንድ ምስክር ቢሳሳት ውሳኔው ይዛባል፤ ሺህ ምስክሮች አንድ ነገር ሲናገሩ ግን የአንዱ መንተባተብ አይሰማም። በዚህ መንገድ እንደገና የተሠሩት ሰዓቶች ለአንድ ናሙና ሁለት ንባቦች የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው በ1.5 ዓመት ውስጥ የሚቀራረብ ሆነ። ደኒደንፔስም ሲሠራ ታማኝነታቸው የተረጋገጠ ጠቋሚዎች ብቻ ተመርጠው ነበር፤ 173 ናቸው።

በቺፕ ፈንታ ዲኤንኤውን በቀጥታ ፊደል በፊደል ማንበብም እየተለመደ ነው። ዲኤንኤን በሚጎዳው ባይሰልፋይት ምትክ ኢንዛይም መጠቀም ይቻላል፤ ናኖፖር የተባለው ዘዴ ደግሞ ዲኤንኤው በጥቃቅን ቀዳዳ ሲያልፍ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ለውጥ ሜቲሉን ያለ ምንም ኬሚካላዊ ልወጣ ይለያል። በመርህ ደረጃ ይህ ከቺፕ ጥገኝነት ነጻ ያወጣል። ነገር ግን የራሱ ሒሳብ አለው፤ አንድ ቦታ አሥር ጊዜ ብቻ ከተነበበ መልሱ ከአሥር ስንት የሚል ይሆናል። እውነተኛው መጠን 0.62 በሆነበት ቦታ ላይ በዕድል ብቻ 5 ወይም 8 ሊቆጠር ይችላል። የቺፕን ለስላሳ ቁጥሮች እያየ የተሠራ ቀመር እንዲህ ያለ የተሰባበረ ቁጥር ሲሰጠው ይደናገራል፤ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ደግሞ ወጪ ያስከትላል።

ሰውነቱ ራሱስ አይለዋወጥም?

ይለዋወጣል፤ ይህ ከመሣሪያ ስህተት መለየት አለበት። ቀደም ሲል እንዳልነው የሚነበበው የሕዋሳት ቅልቅል ነው። በደም ውስጥ ያሉት የነጭ ሕዋስ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሜቲሌሽን አቀማመጥ አላቸው፤ በሽታ ሲይዘን፣ ከበሽታ ስንድን፣ በአንድ ቀን ውስጥም እንኳ ብዛታቸው ይለዋወጣል። የሕዋሳቱ ድርሻ ሲለወጥ አማካዩ ይለወጣል፤ ሰዓቱም ይህን እንደ እርጅና ወይም እንደ መታደስ ሊያነበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ከከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ከእርግዝናና ከከባድ የኮቪድ ሕመም ጋር ተያይዞ ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ከፍ ብሎ በማገገም ጊዜ ሊመለስ እንደሚችል አመልክቷል። በምራቅ የተገኘ ውጤትም በደም ለሚሠራ ሰዓት ሲሰጥ ሌላ የሕዋስ ቅልቅል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ብዙዎቹ ሰዓቶች የተሠሩባቸው ናሙናዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የመጡ መሆናቸውም ለሌላው ሕዝብ የሚሰጡትን ግምት በጥንቃቄ እንድናየው ያስገድዳል።

ውጤት በእጁ የገባ ሰው ምን ይጠይቅ?

በመጀመሪያ የትኛው ሰዓት እንደተሠራበት፤ ቀጥሎም በየትኛው ቺፕ ወይም የንባብ ዘዴ እንደተነበበና ሰዓቱ ለዚያ ዘዴ ተፈትኖ እንደሆነ። ከሚያስፈልጉት ቦታዎች ስንቱ ጎድለው በአማካይ እንደተሞሉ፣ አንድ ናሙና ደግሞ ቢነበብ መልሱ በስንት ዓመት ሊለያይ እንደሚችልም መጠየቅ ተገቢ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ 4 ዓመት ከሆነ፣ ከስድስት ወር የአመጋገብ ለውጥ በኋላ «ዕድሜዬ በ2 ዓመት ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ከመሣሪያው መንቀጥቀጥ ያነሰ ነውና። ሐኪም ለሕመም ምርመራ ከሚያዛቸው የደም ምርመራዎች ጋርም መምታታት የለበትም።

ሰዓቶቹ ጥቅም የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ዋጋቸው ጎልቶ የሚታየው በብዙ ሰዎች ላይ ነው፤ የግለሰቦቹ መዋዠቅ በብዛት ውስጥ እርስ በርሱ ይጣፋልና። ካሌሪ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ሙከራ 220 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለሁለት ዓመት የሚመገቡትን ካሎሪ እንዲቀንሱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ትንታኔ እንዳሳየው ካሎሪ በቀነሱት ሰዎች ላይ የደኒደንፔስ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 ከመቶ ሲቀንስ በፌኖኤጅና በግሪምኤጅ ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። አንድ ደም፣ አንድ ሙከራ፣ ሦስት ሰዓቶች፤ መልሱ ግን አንድ አልሆነም። ጥንቃቄ ያላቸው ተመራማሪዎች ከሙከራው በፊትና በኋላ የተቀዱትን ናሙናዎች በማቀዝቀዣ አኑረው በስተመጨረሻ በአንድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቺፕ የሚያነብቧቸው፣ የአንዱን ሰው ሁለት ናሙናዎችም በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ቢያንስ መሣሪያው የልዩነቱ ምንጭ እንዳይሆን ነው።